የናታን በግ፦ ልብ ወለድን በክርስቲያን ዓይን ስለማንበብ

(በጅማ ከተማ ከተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ለተሰባሰቡ ወጣት አንባቢዎች የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እንዲህ መደብደቡን ካላቆመ እኔም ድምፄን ከፍ ማድረጌ ነው። የጅማ ልጅ ለዝናብ አዲስ አይደለም፣ ትታገሡኛላችሁ። ከኋላ የማይሰማችሁ ካላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ ወንበር ሞልቷል።

ጋባዦቼ የሰጡኝ ርእስ ጨዋ ነው፦ «ክርስቲያን ዘመን የተሻገሩ የሥነ ጽሑፍ ሥራዎችን እንዴት ያንብብ?» ይላል። ከሥሩ ያለውን ጥያቄ ግን አውቀዋለሁ፤ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር ክርስቲያን ሁሉ ያውቀዋል። «መጽሐፍ ቅዱስን አንብበህ ጨረስክና ነው ልብ ወለድ የምታነበው?» የሚለው ነው። አንዳንዱ ደግሞ መክብብን ይዞ ይመጣል፦ «ብዙ መጻሕፍትን ማድረግ ፍጻሜ የለውም፥ እጅግም ምርምር ሰውነትን ያደክማል።» ፈተና ሲደርስ ተማሪዎቼም ይህችን ጥቅስ በጣም ይወዷታል።

መልሴን ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ አልፈልገውም። ከሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 እጀምራለሁ።

ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት የገባው ከባድ ክስ ይዞ ነው፦ የሰው ሚስት መውሰድ፣ ባልዋንም በጦር ሜዳ ማስገደል። ሕጉን መጥቀስ ይችል ነበር። ግን «አትግደል»ንም «አታመንዝር»ንም ዳዊት ያውቃቸዋል፤ ያጣው እውቀት አይደለም። ስለዚህ ናታን ታሪክ ጀመረ። በአንድ ከተማ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አንዱ ባለጠጋ አንዱ ድሃ። ባለጠጋው በግና ላም ሞልቶታል። ድሃው ከአንዲት ታናሽ በግ በቀር ምንም የለውም። እዚህ ላይ ናታን አይቸኩልም። በጊቱ ከልጆቹ ጋር አደገች ይላል። ከእንጀራው ትበላ፣ ከዋንጫው ትጠጣ፣ በብብቱ ትተኛ ነበር ይላል። እንደ ልጁ ነበረች ይላል። ለክስ መዝገብ ይህ ሁሉ ዝርዝር አያስፈልግም፤ «አንዲት በግ ተወሰደች» ይበቃ ነበር። የሚያዳምጠው ንጉሥ ግን በልጅነቱ እረኛ የነበረ፣ የበግ ግልገል ምን እንደምትሸት የሚያውቅ ሰው ነው። ናታን ለማን እንደሚተርክ አውቆ ነው የሚተርከው።

ዳዊት ተቆጣ። ይህን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል፣ ስለ በጊቱም አራት እጥፍ ይክፈል ብሎ ፈረደ። «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ሥነ ጽሑፍ የማምነው ነገር ሁሉ እዚህ ምዕራፍ ውስጥ አለ ብል አላጋነንኩም። ታሪክ በር አንኳኩቶ አይገባም፤ ሰውየው የሌላ ሰው ጉዳይ የሚሰማ መስሎት ዘና ብሎ ሳለ ነው የሚደርስበት። እኛ ክርስቲያን አንባቢዎች ብዙ ጊዜ ታሪኩን አጋማሹ ላይ እንተወዋለን። ዳዊት እስከ ተቆጣበት ድረስ እናነብና፣ እንፈርድና፣ መጽሐፉን እንዘጋለን። ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» እስኪለን አንቆይም። ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ ችኮላ ልናገር ነው። ብዙ ሰባኪዎች ልብ ወለድ ውስጥ ያለው ኃጢአት ያሳስባቸዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ የአንባቢው ጥድፊያ ነው።

ጥድፊያው መልኩን ይቀያይራል። አንዱ የታወቀው ነው፤ መጽሐፉን እንደ ጉምሩክ ፈታሽ ገልጦ ስድብ፣ ዝሙት፣ ጠንቋይ ያለበትን ገጽ ፈልጎ መጣል። ሌላው ግን መንፈሳዊ ስለሚመስል አይታወቅም። «ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?» የሚለው ነው። ከአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መጽሐፍ ጀምሮ በእያንዳንዱ ምንባብ ግርጌ የምናውቀው ጥያቄ ነው። ትምህርት መፈለጉ ክፋት የለውም። ነገር ግን ታሪኩን ሳይኖሩበት ትምህርቱን ብቻ መልቀም፣ አበው እንዳሉት ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጌታችን ራሱ ምሳሌዎቹን ሁሉ እየፈታ አልሄደም። የጠፋው ልጅ ታሪክ እንዴት እንደሚያልቅ አስተውላችኋል? ታላቁ ልጅ ተቆጥቶ ከቤት ውጭ ቆሟል፤ አባትየው ወጥቶ እየለመነው ነው። ግብዣው ውስጥ ገባ? አልገባም? ሉቃስ 15 እዚያው ላይ ያበቃል። የሚሰሙት ፈሪሳውያን ታላቁን ልጅ እንዲጨርሱት ተትቶላቸዋል። ወጣት ደራሲ እንዲህ የተንጠለጠለ ድርሰት ይዞልኝ ቢመጣ እኔም «መጨረሻው የታለ?» ማለቴ አይቀርም ነበር።

አሁን «ይህ የዘመናችን ሊበራል አስተሳሰብ ነው» የሚል ካለ ወደ አራተኛው ክፍለ ዘመን ልውሰደው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው የሚቀደሰው ባስልዮስ፣ የቂሳርያው ሊቀ ጳጳስ፣ አረማዊ የግሪክ ድርሰቶችን ስለማንበብ ለወጣቶች የጻፈው ምክር አለ። እሱ ራሱ አቴና ሄዶ የተማረ ሰው ነው። ለወጣቶቹ የነገራቸው ንቦችን ተመልከቱ ብሎ ነው፤ ንብ አበባ ሁሉ ላይ አታርፍም፣ ካረፈችበትም ሁሉን አትወስድም፣ ለሥራዋ የሚሆነውን ይዛ ሌላውን ትታ ትሄዳለች። የጅማና የከፋ ሰው ይህን ምሳሌ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኔ የምጨምረው፣ ንቧ አበባው ውስጥ ትገባለች፤ ከሩቅ ሆና «ይህ ጥሩ ነው፣ ይህ መጥፎ ነው» አትልም።

ከባስልዮስና ከወዳጁ ከጎርጎርዮስ ጋር በዚያው ዘመን አቴና ውስጥ የተማረ ሌላ ወጣት ነበር። በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነና ክርስትናን ካደ፤ የኛ መጻሕፍት ዑልያኖስ ከሃዲ የሚሉት ነው። ይህ ሰው በ362 እ.ኤ.አ. አዋጅ አወጣ። አዋጁ ክርስቲያኖች ሆሜርንና ሌሎቹን የቀድሞ ደራሲዎች እንዳያስተምሩ የሚከለክል ነበር። በአማልክቱ የማያምኑ ከሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄደው ማቴዎስንና ሉቃስን ያስተምሩ ብሎ ነው የተሳለቀው። ጎርጎርዮስ እጅግ ተቆጥቶ ጻፈበት። እንግዲህ አስቡት፤ ክርስቲያን ከዓለም ሥነ ጽሑፍ እጁን ያንሣ ብሎ በአዋጅ የከለከለው የቤተ ክርስቲያን ጠላት ነው። አባቶች ክልከላውን እንደ ስደት ነው ያዩት። ዛሬ ያንኑ ክልከላ በራሳችን ላይ በፈቃዳችን ስናውጅ ዑልያኖስ ቢሰማ ምን ይል ነበር እያልኩ አንዳንዴ እስቃለሁ።

ሐቀኛ ለመሆን ግን ሌላውም ወገን ድምፅ አለው። ሄሮኒሞስ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው ሊቅ፣ አረማዊውን የሮማ ጸሐፊ ሲሴሮን በጣም ይወድ ነበር። በሕመም ላይ ሳለ በሕልሙ ፍርድ ዙፋን ፊት ቀርቦ «ማን ነህ?» ሲባል «ክርስቲያን ነኝ» አለ፤ «ትዋሻለህ፣ አንተ የሲሴሮ ተከታይ ነህ እንጂ የክርስቶስ አይደለህም» ተባለና ተገረፈ። አውግስጢኖስም «ኑዛዜ» በሚለው መጽሐፉ ልጅ ሳለ ስለ ዲዶ ሞት ማልቀሱን እያነሣ ራሱን ይወቅሳል። ዲዶ በቨርጂል ግጥም ውስጥ ስለ ፍቅር ራስዋን የገደለች ንግሥት ናት። ለእርስዋ አለቀስኩ፣ ከአንተ ርቄ ስሞት ለራሴ ግን አላለቀስኩም ይላል ለእግዚአብሔር። ይህ ወቀሳ እውነት አለው፣ አላልፈውም። ልብ ወለድ ላይ እንባ ማፍሰስ ቀላል ነው፤ ጎረቤት ያለችውን መበለት ግን ማየት የተሳነው አንባቢ አለ። በተከታታይ ፊልም ላይ አልቅሳ ጨርሳ የቤት ሠራተኛዋ ላይ የምትጮህ እመቤት አላየንም? ዳዊትም ስለ በጊቱ ተቆጥቷል እኮ፤ ቁጣው ከልቡ ነበር። ቁጣው ራሱ ላይ እስኪዞር ድረስ ግን ምንም አልጠቀመውም።

ደግሞም አውግስጢኖስ ይህን ሁሉ የጻፈው በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከታወቁት መጻሕፍት አንዱ ውስጥ መሆኑን አትርሱ።

ከሩቅ አገር አባቶች ወደ ራሳችን ልመለስ። ከየመን ለንግድ መጥተው፣ ክርስትናን ተቀብለው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሱ አባ ዕንባቆም የሚባሉ ሊቅ ነበሩ። በ1553 እ.ኤ.አ. «በራላም ወየዋስፍ»ን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። ታሪኩ ስለ አንድ የንጉሥ ልጅ ነው። አባቱ በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በተዋበ ቤት ዘግቶ ያሳድገዋል። ልጁ አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ዕረፍት የለውም። እናውቀዋለን አይደል? መሠረቱ የቡድሃ ታሪክ ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ፣ በዓረብ፣ በጆርጂያና በግሪክ አድርጎ በመንገዱ ክርስቲያን የሆነ ታሪክ ነው። በእኛ ገዳማት ሲነበብ የኖረው እንዲህ ያለ ሥራ ነው። መነኮሳቱ የንጉሡ ልጅ ጭንቀት እውነተኛ መሆኑን አዩ፤ ሞትን አይቶ መጨነቅ የማንም አገር ሃይማኖት የግል ንብረት አይደለምና።

ወደ ጅማ ደግሞ ልቅረብ፤ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ከሊሙ። አስቴር ጋኖን ስንቶቻችሁ ታውቋታላችሁ? እጅ አየሁ፣ ጥቂት ናችሁ። ነጻ የተወለደች፣ በኋላ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ የተደረገች ልጅ ናት። በ1886 እ.ኤ.አ. ወደ ዓረብ አገር ለሽያጭ በጀልባ ስትወሰድ የጣልያን መርከቦች ጀልባውን ያዙትና ነጻ ወጣች፤ ምጥዋ አጠገብ እምኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለማዘጋጀት ሠራች። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ የማይነገረው ግን ከዚያ በፊት የሠራችው ነው። ከልጅነቷ የምታስታውሰውን የኦሮሞ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ወደ 500 ያህል ሰብስባ ጻፈች፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በ1894 እ.ኤ.አ. በወጣው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ታተሙ። ቃለ እግዚአብሔርን ለሕዝቧ ለማድረስ የተነሣች ሴት በመጀመሪያ የሕዝቧን ተረት ጻፈች። ባሪያ ተደርጋ ከተሸጠችበት አገር ይዛ የወጣችው ሀብት እሱ ብቻ ነበር። «ይህ ዓለማዊ ነው» ብላ አልጣለችውም። ዛሬ በየቤቱ ቡና ሲፈላ «ዱሪ ዱሪ» ብለው የሚጀምሩ አያቶች ያሉበት ከተማ ውስጥ ሆነን፣ ይህን ሥራ መንፈሳዊ አይደለም የሚል ካለ እጠይቀዋለሁ።

ጥሩ፤ ታሪኩን ይህን ያህል ካልኩ አንድ መጽሐፍ አብረን እንግለጥ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ምንዱባን» ብለው ወደ አማርኛ የመለሱትን የቪክቶር ሁጎን ሥራ ነው፤ በፈረንሳይኛ የወጣው በ1862 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ መጽሐፍ ሰባኪዎች የሚወዱት አንድ ትዕይንት አለ። ዣን ቫልዣ ዳቦ ሰርቆ፣ ለማምለጥ በመሞከሩም እየተጨመረበት 19 ዓመት ታስሮ ወጥቷል። ማንም አያሳድረውም። ጳጳሱ ያሳድሩታል፣ በብር ማንኪያና ሹካ ያበሉታል። እሱ ሌሊት ብሩን ሰርቆ ይጠፋል። ጠዋት ፖሊሶች ይዘውት ሲመጡ ጳጳሱ «መቅረዞቹንም ሰጥቼህ ነበር እኮ፣ ለምን ተውካቸው?» ይሉታል። ስብከቱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጸጋ ማለት ይህ ነው ይባላል፣ አሜን ይባላል።

አንድ ተማሪ ግን ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «ጳጳሱ ዋሹ እንዴ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከ«አሜን» የተሻለ ንባብ ነው። ለመመለስ ወደ ኋላ መገለጥ ያስፈልጋል። ፖሊሶቹ ከመምጣታቸው በፊት የቤቱ ሠራተኛ ብሩ መሰረቁን አይታ ስትጮህ፣ ጳጳሱ ዝም ብለው ያስቡና ለመሆኑ ያ ብር የእኛ ነበር? ይሏታል። ለረጅም ጊዜ ያለ አግባብ ይዤው ኖሬያለሁ፣ የድሆች ነበር፣ ያ ሰው ደግሞ ድሃ ነው ይላሉ። ስለዚህ ፖሊሶቹ ፊት ሲቆሙ የሰጡት የራሱን ነው፤ በጳጳሱ ሕሊና ውስጥ ብሩ አስቀድሞ ባለቤቱን አግኝቷል። ይህን ለመረዳት ደግሞ ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ሁጎ ቫልዣን ከማምጣቱ በፊት ስለ ጳጳሱ ኑሮ ብዙ ምዕራፍ ያወራል። ሰፊውን የጳጳስ ቤት ለሕሙማን ሰጥተው እሳቸው ወደ ጠባቡ ሆስፒታል ቤት ገቡ፤ ከቀድሞው ኑሮ የቀራቸው ምቾት ያ ብር ብቻ ነበር። ብዙ አንባቢ እነዚህን ገጾች «ታሪኩ አልጀመረም» ብሎ ይዘልላቸዋል። የዘለለ ሰው የሚያየው አንድ ደግ ሽማግሌ ብቻ ነው። ያላለፈው ሰው ግን ጳጳሱ በዚያ ሌሊት ከራሳቸው የቀረችውን አንዲት በግ እንደሰጡ ያያል።

ይህ ሁሉ ጥያቄውን ይዘጋዋል? አይዘጋውም። ጳጳሱ ቫልዣን ሲሸኙት «ቅን ሰው ለመሆን ቃል እንደገባህልኝ አትርሳ» ይሉታል፤ ሁጎ ወዲያው ቫልዣ ምንም ቃል መግባቱን አያስታውስም ብሎ ይጽፋል። ይህቺኛዋን ምን እንበላት? እኔ አልፈታኋትም። ያልተገባ ቃልን እንደተገባ መናገር፣ እግዚአብሔር አብራምን ይስሐቅ ገና ሳይወለድለት «የብዙዎች አባት» እንዳለው ዓይነት ይሆን? ወይስ ዝም ብሎ የደግ ሰው ማጭበርበር ነው? ለውይይት ትቼላችኋለሁ።

የሚዘለለው ሌላው ነገር ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ጸጋን ያገኘው ቫልዣ በዚያው ቀን ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ፔቲ ዠርቬ የሚባል ትንሽ ልጅ ሳንቲም ሲያነጥር መጣ፤ ሳንቲሟ ወደ ቫልዣ ተንከባለለች፣ እሱም እግሩን አሳረፈባት። ልጁ እያለቀሰ ለመነው፤ አልሰጠውም፣ አባረረው። ልጁ ከሄደ በኋላ ነው የነቃው፤ ስሙን እየጠራ ሮጠ፣ አላገኘውም፣ ከዚያም ከ19 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። ምስክርነት ስንሰጥ ይህን ክፍል እንቆርጠዋለን። «ጌታን ካገኘሁ ወዲህ...» ብለን እንጀምርና በዚያው ሳምንት የሠራነውን አንናገርም። ሁጎ የሥነ መለኮት ሊቅ አልነበረም፤ ከቤተ ክርስቲያንም ጋር ብዙ ተጣልቷል። ነገር ግን ጸጋ በሰው ልብ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚያውክ የጻፈው ነገር፣ አንዳንድ የስብከት መጽሐፍ ላይ ካነበብኩት ይልቅ ወደ ሮሜ 7 ይቀርባል።

ከእኛው ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ውሰዱ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው። ክርስቲያን አንባቢዎች ስለዚህ መጽሐፍ ሁለት ነገር ሲሉ እሰማለሁ። አንዱ «ካህናትን ያዋርዳል»፣ ሌላው «በዛብህ ስለቱን አፈረሰ»። ቀስ እንበል። በዛብህ ስለት አልተሳለም፤ የተሳሉት አባቱ ቦጋለ መብራቱና እናቱ ውድነሽ በጣሙ ናቸው። ልጃቸውን በመውደድ፣ በፍርሃት፣ በእምነት ለእግዚአብሔር ሰጡት። ከዚያ ልጁ አደገ፣ ዲማ ቅኔ ተማረ፣ ሰብለ ወንጌልን አየ። አሁን ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን አጠገቡ አስቀምጡ። ሐና ሳሙኤልን ተስላ ሰጠች፤ ሳሙኤል ነቢይ ሆነ፤ እናመሰግናታለን። ዮፍታሔም ተሳለ፤ ልጁ ከበሮ ይዛ ልትቀበለው ወጣች፤ ምን እንደደረሰባት ታውቃላችሁ። ሁለቱም ወላጆች ናቸው፣ ሁለቱም አፋቸውን ለእግዚአብሔር ከፍተዋል። ቦጋለና ውድነሽ ወደ የትኛው ይቀርባሉ? ሐዲስ ዓለማየሁ አይነግሩንም። ስለት ዛሬም በቤታችን ያለ ነገር ነው፤ የሙስሊሙ ጎረቤታችንም ቤት አለ፤ ቁልቢ በየዓመቱ የሚጎርፈውን ሰው አስቡ። «ልጄን ለአገልግሎት ሰጥቻለሁ» የሚል ወላጅ በየቤተ እምነታችን አለ። ልጁን ማን ጠየቀው? ይህ መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያንን ለመንቀፍ ከሆነ የተጻፈው፣ ነቀፋው እኛ ሳሎን ድረስ ይገባል።

ስለ ካህናቱም እንዲሁ ነው። ጉዱ ካሣ የመኳንንቱንም የካህናቱንም ግብዝነት ስለሚናገር እብድ ይባላል። ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ ለልጃቸው በአጥንት የሚመጥን አጥተው ያስቀሯታል፤ ጾምና ጸሎት ግን አያጓድሉም። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ 9 ኤልሳዕ የላከው የነቢያት ልጅ ኢዩን ሊቀባ ሲመጣ የሠራዊቱ አለቆች «ይህ እብድ ለምን መጣ?» ነው ያሉት። አሞጽንስ ቤቴል ካህኑ «ሂድ፣ በዚህ አትናገር» አላለውም? ካህናትን መንቀፍ ከመጽሐፍ ቅዱስ ያልመጣ ነገር ቢሆን ኖሮ ይገርመኝ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ጉዱ ካሣን እያደነቅን ማንበባችን ነው፤ ሁላችንም በንባብ ጊዜ ጉዱ ካሣ ነን፣ በኑሮ ግን ፊታውራሪ።

ስለ ዶስቶየቭስኪ በአጭሩ ላልፍ ነው፤ እሱ የራሱ ምሽት ይፈልጋል። በ1849 እ.ኤ.አ. ሊረሸን አደባባይ ቆሞ በመጨረሻው ሰዓት ፍርዱ ወደ ግዞት የተለወጠለት ሰው ነው። ወደ ሳይቤሪያ ሲወሰድ ቶቦልስክ ላይ የግዞተኞች ሚስቶች አዲስ ኪዳን ሰጡት፤ እስኪሞት አልተለየውም። በ«ወንጀልና ቅጣት» ውስጥ ሶንያ ለነፍሰ ገዳዩ ለራስኮልኒኮቭ የአልዓዛርን ትንሣኤ ከዮሐንስ ወንጌል ታነብለታለች። የምታነብበት መጽሐፍ የማን እንደሆነ ልብ በሉ፦ ያመጣችላት ሊዛቬታ ናት፣ እሱ በመጥረቢያ የገደላት ሴት። ደራሲው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነክቶ ያልፋል፤ ለቸኮለ አንባቢ አይታይም። በመጨረሻው ገጽም ያ መጽሐፍ ራስኮልኒኮቭ ትራስ ሥር ነው፣ ገና አልገለጠውም። ዶስቶየቭስኪ ክርስቲያን ነበር፤ መጽሐፉን ሊያስገልጠው ይችል ነበር። አላስገለጠውም። ይህን የመሰለ ትዕግሥት በመንፈሳዊ ድራማዎቻችን ላይ ብናየው እንዴት ደስ ባለኝ! የእኛ ጠጪ በመጀመሪያው ትዕይንት ይሰክራል፣ በሦስተኛው ተንበርክኮ ያለቅሳል፣ በአራተኛው ኮት ለብሶ ይሰብካል።

አሁን «ታዲያ ሁሉን እናንብብ ወይ?» የሚለውን። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሊታሰብ የሚገባውን ሲዘረዝር ንጹሕ የሆነውን፣ ፍቅር ያለበትን፣ መልካም ወሬ ያለበትን ይላል፤ ዝርዝሩ የሚጀምረው ግን «እውነተኛ የሆነውን ነገር ሁሉ» ብሎ ነው። ኃጢአትን እንደ ኃጢአት የሚያሳይ መጽሐፍ እውነተኛ ነው፤ መሳፍንት 19ን ያነበበ ሰው መጽሐፍ ቅዱስም ዓይኑን እንደማይጨፍን ያውቃል። ኃጢአትን ጣፋጭ አድርጎ የሚሸጥ ሌላ ነው፤ እሱን ለመለየት ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ ካነበባችሁ በኋላ ምን እንደምትመኙ ራሳችሁን ጠይቁ። የሚጎዳችሁ ከሆነ ዝጉት። ባልንጀራችሁን የማይጎዳ እናንተን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለ ምግብና ስለ ሕሊና ጳውሎስ የጻፈው እዚህም ይሠራል። ይኸው ጳውሎስ «ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል» ያለው ከግሪክ የቴአትር ደራሲ ቃል ወስዶ ነው። ማስጠንቀቂያውን እንኳ የሰጠን ከአንድ አረማዊ ድርሰት ቀድቶ ነው ማለት ነው። በአርዮስፋጎስም ለአቴና ሰዎች «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና» ያለው የራሳቸውን ባለ ቅኔ ጠቅሶ ነው። ሳያነብ አይጠቅስም።

አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ደስ አይለኝም። ብዙዎቻችሁ መጽሐፉን የምታነቡት በቴሌግራም በሚዘዋወር ፒዲኤፍ ነው። ለሞተ የውጭ ደራሲ ብዙ አልከራከርም። ኑሮውን በብዕሩ የሚገፋ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ግን አለ፤ መጽሐፉን ሰርቀን አውርደን «ይህ መጽሐፍ ኃጢአት አለበት ወይ?» ብለን መወያየታችን ያስቀኛል፣ ያሳዝነኛልም። ለአዲሱ አቅም ከሌላችሁ መርካቶ አካባቢ ላስቲክ ላይ ተነጥፈው የሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት አሉ፤ ተከራከሩና ግዙ። ወይም ተዋጡና አንድ ገዝታችሁ ተዟዟሩት።

ስታነቡም እንዲህ ብታደርጉ እወዳለሁ፦ አንድ ምዕራፍ ሲያልቅ «ምን ተማርኩ?» ከማለት በፊት «ማንን ጠላሁ?» በሉ። የጠላችሁትን ሰው ስም ጻፉ፤ ለምን እንደጠላችሁትም ጻፉ። መጽሐፉን ስትጨርሱ ያንን ወረቀት ተመልሳችሁ አንብቡት። በ«ምንዱባን» ቫልዣን የሚያሳድደውን ፖሊስ ዣቬርን የጠላ ሰው፣ ፊታውራሪን የጠላ ሰው፣ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚያገኝ አስቀድሜ አልነግረውም። ለወንድሞቻችሁና ለእህቶቻችሁ ማሳየት ግዴታ የለባችሁም።

ለሚመጣው ወር አስተባባሪዎቹ የ«ምንዱባን»ን የመጀመሪያ ክፍል መርጠዋል፤ የጳጳሱን ምዕራፎች ሳትዘሉ አንብባችሁ ኑ። አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ ሰው ካለ ደግሞ ከአያቱ አንድ ተረት ጽፎ ቢያመጣልን ከሁጎ ጋር አብረን እናነበዋለን። አሁን ማይኩን ለጥያቄ ልስጥ። ያቺ «ቃል ገብተሃል» የምትለዋ የጳጳሱ ነገር ላይ ሐሳብ ያለው ካለ በእሷ እንጀምር፤ ከኋላ የተነሣችው እህታችን፣ አንቺ ቀጥይ።